ገደብ መጻፍ ዘበኛ ማቆም አይደለም

አንድ ነጋዴ ለመጋዘኑ የሌሊት ዘበኛ ሲቀጥር ከሁሉ አስቀድሞ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ ከተገኘ በኋላም የሚጠበቀው ዕቃ ምን እንደ ሆነ፥ ሌባ በየትኛው በር በኩል ሊገባ እንደሚችል፥ አንዳች ነገር በደረሰ ጊዜ ፊሽካውን ነፍቶ ማንን መቀስቀስ እንደሚገባው ለይቶ ይነግረዋል። አስተዋይ የሆነው ነጋዴ ደግሞ ከዚህም አልፎ እኩለ ሌሊት ላይ ሳይታሰብ ብቅ ይልና ዘበኛው ነቅቶ እንደ ሆነ ይመረምራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስንቀባበለው የመጣ ልማድ ስለ ሆነ፥ ማንም ሰው እንደ ትርፍ ድካም አይቈጥረውም።

በዛሬው ጊዜ ግን ከሰው ዘበኛ ሌላ የመሣሪያ ዘበኛም አለ። መድኃኒት አስመጪው የማቀዝቀዣ ክፍሉን፥ ሥጋና አበባ ላኪው ቀዝቃዛ መጋዘኑን፥ ነዳጅ ነጋዴው የማጠራቀሚያ ጋኑን የሚያስጠብቀው በመለኪያና በኮምፒዩተር ነው። መለኪያው የሙቀቱን ወይም የከፍታውን ልክ ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩም ልኩ ከተወሰነለት ገደብ ሲያልፍ የማስጠንቀቂያ ደወል ይደውላል ተብሎ ይታመናል። ለዚህ ዘበኛ ግን ዋስ የሚጠይቅለት፥ ትእዛዝ የሚሰጠው፥ በሌሊት ብቅ ብሎ የሚመረምረው ነጋዴ ብዙ አይመስለኝም። «ባለሙያው ገደቡን ጽፎበታል» ከተባለ ባለቤቱ ክፍያውን ፈጽሞ፥ ቁልፉን ተረክቦ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳሰብ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ገደብን በፕሮግራም ውስጥ መጻፍና ዘበኛን ማቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ ኤፒክስ የተባለውን የመቈጣጠሪያ ሶፍትዌር እንውሰድ። ይህን ሥርዓት በአሜሪካ አገር የሎስ አላሞስና የአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ያስገኙት ሲሆን፥ ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ ታላላቅ የምርምር ተቋሞች፥ በዮርዳኖስ አገር የሚገኘው ሴሳሚ ሳይቀር፥ መሣሪያዎቻቸውን ይቈጣጠሩበታል። ለንግድ መጋዘን ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ነገር ግን የአሠራሩ ደንብ ለማንም ሰው የተገለጠና ያለ ዋጋ የሚገኝ ስለ ሆነ ለትምህርት ይመቻል። ከዚህም ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ በቀረበው ፓይቶን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አማካይነት፥ መጠነኛ ችሎታ ያለው ወጣት ባለሙያ እንኳ ልክ እየተቀበለ ከገደብ ጋር የሚያመዛዝን አነስተኛ ፕሮግራም ሊጽፍ ይችላል። በገበያ የሚሸጠው የማቀዝቀዣ መቈጣጠሪያ ስሙ ሌላ ቢሆንም የአስተሳሰቡ መሠረት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በኤፒክስ ደንብ ለአንድ ልክ አራት ገደቦች ሊሰጡት ይችላሉ፤ ሁለቱ ከላይ፥ ሁለቱ ከታች ናቸው። በኢንሱሊንና በብዙ ክትባቶች ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀመጥ የሚል ትእዛዝ ተጽፎ እናያለን። እንግዲህ ባለመድኃኒቱ ከላይ 7 ዲግሪን የመጀመሪያ፥ 8 ዲግሪን የመጨረሻ፤ ከታችም 3 ዲግሪን የመጀመሪያ፥ 2 ዲግሪን የመጨረሻ ገደብ አድርጎ ቢወስን፥ የመጀመሪያዎቹ «ተጠንቀቅ»፥ የመጨረሻዎቹ «ድረስ» የሚሉ ይሆናሉ። የታችኞቹን ገደቦች እንደ ትርፍ ነገር የሚቈጥር ሰው አይጠፋም፤ «ከማቀዝቀዣ የሚፈራው መሞቁ እንጂ መቀዝቀዙ ነውን?» ይላል። ይሁን እንጂ ኢንሱሊንም ሆነ ከክትባቶቹ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ በኋላ ቢቀልጡም ኃይላቸው አይመለስም፤ ጠርሙሱ ግን ሲታይ ያልተበላሸ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከታች በኩል ዘበኛ የሌለው የመድኃኒት ክፍል፥ የፊት በሩ ተቈልፎ የጓሮው በር እንደ ተከፈተ ቤት ነው።

አራቱ ቍጥሮች ከተጻፉ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ትልቁ ስሕተት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በኤፒክስ መዝገብ ውስጥ የገደቡ ቍጥር ብቻ ሳይሆን፥ ገደቡ ሲታለፍ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ደረጃም «ቀላል» ወይም «ከባድ» ተብሎ ለብቻው መጻፍ አለበት። ባለሙያው ይህን ሳይጽፍ ቢቀር፥ መዝገቡ ከመነሻው የሚይዘው ደረጃ «ማስጠንቀቂያ የለም» የሚለውን ነው። ስለዚህ 8 ዲግሪ ተብሎ በግልጥ ተጽፎ ሳለ፥ ክፍሉ 15 ዲግሪ ቢደርስም ደወሉ ዝም ይላል። ሁለተኛም፥ መዝገቡ ልኩን ከገደቡ ጋር የሚያመዛዝነው በተቀሰቀሰ ጊዜ ብቻ ነው፤ በየስንት ሰከንዱ ወይም በምን ምክንያት እንደሚነሣ ካልታዘዘ ተኝቶ ይኖራል።

በፓይቶን በኩል ያለው ወጥመድ ከዚህ ይብሳል። ፒፎርፒ የተባለው የፓይቶን መሣሪያ በኤፒክስ ቋንቋ ልኮችን ለሌሎች ኮምፒዩተሮች ለማቅረብ ያገለግላል። ልኩ ሲሰናዳ የገደቦቹ ቦታ አብሮ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፤ 2፥ 3፥ 7፥ 8 ተብሎ ይሞላል፤ በማሳያው ላይም አምሮ ይታያል። ሆኖም በተለመደው አሠራር ቍጥሮቹ በዚያ ቦታ መቀመጣቸው ብቻ ማስጠንቀቂያ አያስነሣም። ልኩን ከገደቡ ጋር አመዛዝኖ የማስጠንቀቂያውን ደረጃና መልእክት መጻፍ ያለበት ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው ራሱ ነው። በሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ብቻውን ዕቃ እንደማይሸጥ ሁሉ፥ በፕሮግራም ውስጥ የተዘረዘረ ገደብም ብቻውን ዕቃ አይጠብቅም።

ማመዛዘኑም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ «ልኩ ከ7 በልጧልን?» ብሎ ጠይቆ፥ መልሱ አዎን ሲሆን «ቀላል» ብሎ ጽፎ ጥያቄውን የሚያቆም ከሆነ፥ 20 ዲግሪ የሞቀ ክፍል ምንጊዜም በ«ቀላል» ታልፎ ይቀራል፤ 20ም ከ7 ይበልጣልና። ስለዚህ ከባዱ ጥያቄ መቅደም አለበት። ከዚህ የበለጠ የተሰወረ ሌላ ነገርም አለ። የመለኪያው ሽቦ በተበጠሰ ጊዜ አንዳንዱ መሣሪያ በልክ ፈንታ «ቍጥር አይደለም» የሚል ምልክት ይልካል። በፓይቶን ደንብ ይህ ምልክት ከማናቸውም ቍጥር ጋር ሲመዛዘን አይበልጥም፥ አያንስምም። «ከ8 ይበልጣልን?» ሲባል መልሱ አይደለም ነው፤ «ከ2 ያንሳልን?» ሲባልም አይደለም ነው። እንግዲያውስ ደኅና ነው ተብሎ ይታለፋል! ዓይኑ የጠፋ ዘበኛ «ሌባ አላየሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ምን ይረባል? ስለዚህ ከማናቸውም ጥያቄ በፊት «ይህ በእርግጥ ቍጥር ነውን? የተለካውስ መቼ ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ኤፒክስም ለዚሁ ሲል ከቀላልና ከከባድ ሌላ «የማይታመን» የሚል ደረጃ አለው።

ሽቦው የተበጠሰ መለኪያ ቢያንስ ሊታወቅ ይችላል። እጅግ የሚከፋው ቆሞ ሳለ የቆመ የማይመስለው ነው። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ በእንግሊዝ አገር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2005 እሑድ ማለዳ፥ ከሎንዶን በስተ ሰሜን በሄሜል ሄምፕስቴድ ከተማ አጠገብ ባለው የበንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ 912 የሚል ቍጥር ያለው ጋን ቤንዚን ይሞላ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የከፍታ መለኪያው በአንድ ልክ ላይ ቆመ፤ ቤንዚኑ ግን መግባቱን ቀጠለ። ከመለኪያው ጋር የተያያዙት የማስጠንቀቂያ ገደቦች ሁሉ በትክክል ተጽፈው ነበር፤ ነገር ግን መለኪያው ስላልተንቀሳቀሰ አንዳቸውም አልጮኹም። የመጨረሻው መከላከያ ሆኖ ለብቻው የተተከለው ማብሪያ ማጥፊያም አልሠራም፤ የመሞከሪያውን እጀታ በቦታው የሚይዘው ቁልፍ ሳይገባለት ቀርቶ ነበርና። ከ250 ሺህ ሊትር በላይ ቤንዚን ፈሰሰ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይም ታላቅ ፍንዳታ ሆነ። ከ40 በላይ ሰዎች ቈሰሉ፤ የሞተ ሰው ባለመኖሩ እግዚአብሔር ይመስገን። በኋላ ሲመረመር ያ መለኪያ ከኦገስት 31 ቀን ጀምሮ 14 ጊዜ ቆሞ እንደ ነበረ ታወቀ። በዚያ ቦታ ገደብ የጻፈ ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው ዘበኛው ነቅቶ እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው ነው። ቤንዚኑ ከፈሰሰ በኋላ የተሰማው ጩኸት የእኛ አገር ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ዓይነት ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለትንሹም ሱቅ ይሠራል። በሩ ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚውል የማቀዝቀዣ ክፍል ሙቀቱ ጥቂትም ቢሆን ከፍና ዝቅ ማለቱ አይቀርም። መለኪያው ለብዙ ሰዓት ከ4 ነጥብ 6 ላይ ንቅንቅ ካላለ፥ ይህ የሚያስደስት ሳይሆን የሚያጠራጥር ነው። «ልኩ ይህን ያኽል ጊዜ ሳይለወጥ ከቈየ ደውል» የሚለው ትእዛዝ በፓይቶን ከጥቂት መስመር አይበልጥም። ውድ ዕቃ ባለበት ክፍል ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር በምንም የማይገናኝ ሁለተኛ መለኪያ ማኖር ይገባል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ለሁሉ ነገር ደወል ላብዛ» ይል ይሆናል። ይህም ሌላ ገደል ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1994 በዌልስ በሚልፎርድ ሄቨን በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ከመብረቅ በኋላ የተነሣ ብልሽት ሰዓታት ፈጅቶ በፍንዳታ ተደመደመ። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ሠራተኞች 275 ማስጠንቀቂያዎችን ማየት፥ መቀበልና መፍትሔ መስጠት ነበረባቸው። ይህ ለሰው ልጅ የሚቻል ነገር ነውን? 26 ሰዎች ቈሰሉ፤ የደረሰውም ጥፋት 48 ሚሊዮን ፓውንድ ያኽል ተገመተ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር ኢኢኤምዩኤ የተባለው ማኅበር 191 የሚል ቍጥር ያለውን የማስጠንቀቂያ መመሪያ አሳተመ። በዚህ መመሪያ ዘንድ አንድ ሠራተኛ በማዘውተር በ10 ደቂቃ ከአንድ ማስጠንቀቂያ በላይ ሊቀርብለት አይገባም። በየጊዜው በከንቱ የሚጮኽ ውሻ ሌባ በመጣ ጊዜም ማንንም አይቀሰቅስም።

የደወልን ከንቱ ጩኸት የሚቀንሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመመለሻ ልዩነት ነው። ልኩ በ7 ነጥብ 9 እና በ8 ነጥብ 1 መካከል ሲዋዥቅ ደወሉ በየደቂቃው እየጮኸና ዝም እያለ እንዳያሰለች፥ አንድ ጊዜ ከጮኸ በኋላ ሙቀቱ ለምሳሌ ከ7 ነጥብ 5 በታች ካልወረደ አይዘጋ ተብሎ ይታዘዛል። በኤፒክስ ይህ ልዩነት ካልተጻፈ 0 ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የመታገሻ ጊዜ ነው። ሠራተኛ ካርቶን ሲያስገባ በሩ ለጥቂት ደቂቃ ተከፍቶ ሙቀቱ ከፍ ማለቱ ጥፋት አይደለም። በዓለም የጤና ድርጅት መስፈርት የሚሠሩት የክትባት ማቀዝቀዣ የ30 ቀን መዝጋቢዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ የላዩ ደወል የሚነሣው ሙቀቱ ሳያቋርጥ ለ10 ሰዓት ከ8 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው፤ የታቹ ግን ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ 60 ደቂቃ እንደ ቈየ ይነሣል። የሁለቱ ትዕግሥት ልዩነት ያለ ምክንያት አልተወሰነም፤ በረዶ ከሙቀት ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያጠፋ ነው።

በአገራችን ደግሞ ልዩ ትኵረት የሚሻ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የመብራት መቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል፤ ኮምፒዩተሩና ደወሉ በዚያው መስመር ላይ ከሆኑ እነሱም አብረው ይጠፋሉ። ዘበኛው እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ከሌባው ጋር አብሮ ሄደ ማለት ነው! ስለዚህ መለኪያውና ደወሉ የራሳቸው ባትሪ ሊኖራቸው ይገባል። ከዚህም በላይ በሌላ ቦታ ያለ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ፥ ከመጋዘኑ በየጊዜው «አለሁ» የሚል ቃል እየጠበቀ፥ ቃሉ በቀረ ጊዜ ራሱ እንዲደውል ማድረግ ይቻላል። ዝምታ የደኅንነት ምልክት ሆኖ መቈጠሩ ቀርቶ፥ ዝምታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

«እኔ ነጋዴ እንጂ ፓይቶን ዐዋቂ አይደለሁም፤ ይህ የባለሙያው ፈንታ ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ ዐውቃለሁ። መልሱ በከፊል እውነት አለው፤ ፕሮግራሙን መጻፍ በእርግጥ የባለሙያው ሥራ ነው። ነገር ግን የሚበላሸው ዕቃ የማን ነው? አበባው ስንት ሰዓት ሙቀት እንደሚችል፥ መድኃኒቱ በስንት ዲግሪ እንደሚበላሽ፥ ሥጋው በየትኛው ሰዓት ወደ አውሮፕላን እንደሚጫን የሚያውቀው ነጋዴው ነው እንጂ ባለሙያው አይደለም። ባለሙያው ካልተነገረው ከሌላ ሥራ የተረፈውን ቍጥር ይጽፋል፤ ወይም ከፋብሪካ እንደ መጣ ይተወዋል። ወጪ ይበዛል የሚለውም ክርክር አያዋጣም። ፓይቶንም ኤፒክስም የፈቃድ ዋጋ አይጠየቅባቸውም፤ የሚጠይቁት አሳብና የሙከራ ጊዜ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ መድኃኒት በአንድ ሌሊት ቢበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ኃይሉ የጠፋ ክትባት ሳይታወቅ ለሕፃን ቢሰጥ ሕፃኑ ሳይጠበቅ ይቀራል።

ስለዚህ ማንኛችንም የመቈጣጠሪያ ሥርዓት ስናስተክል፥ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችን በፊት የሚከተሉትን አምስት ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ብናስፈርም መልካም ነው እላለሁ።

1ኛ/ አራቱ ገደቦች፥ የእያንዳንዳቸው የማስጠንቀቂያ ደረጃ፥ የመታገሻው ጊዜና የመመለሻው ልዩነት በባለንብረቱ ውሳኔ ይጻፉ።

2ኛ/ ልኩ በየስንት ጊዜው እንደሚመዛዘንና ማመዛዘኑን የሚሠራው የትኛው ፕሮግራም እንደ ሆነ ይገለጥ።

3ኛ/ መለኪያው ቢበጠስ፥ ቢቆም ወይም መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ይታይ።

4ኛ/ ደወሉ ሲጮኽ የሚነሣው ሰው፥ እርሱ ባይገኝ ተተኪው፥ መጀመሪያ የሚሠራውም ሥራ በስም ይጻፍ። ማንም ሰው ምንም የማይሠራበት ደወል ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

5ኛ/ ደወሉ በባለንብረቱ ፊት ይሞከር፤ ሙከራውም በየወሩ ይደገም።

ለአምስተኛው ነገር ትልቅ ዕውቀት አያስፈልግም። በአንድ ብርጭቆ የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ አድርጎ የመለኪያውን ጫፍ በውስጡ መንከር ነው። ልኩ ወደ 0 ዲግሪ ሊወርድ፥ የመታገሻው ጊዜ ሲያልፍም የታቹ ደወል ሊጮኽ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ጫፉን አውጥቶ ከክፍሉ ውጭ ቢያኖሩት የላዩ ደወል ሊነሣ ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ ዝም ካለ፥ ባለሙያውን መጥራት ያለብን ያን ዕለት ነው፤ ዕቃው ከተበላሸ በኋላ አይደለም። የንግድ ምክር ቤታችንም የዚህን ወረቀት ናሙና አሰናድቶ ለአባሎቹ ቢያድል፥ ለአስመጪውም ለላኪውም ለባለሱቁም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

የመሣሪያ ዘበኛ አይሰክርም፥ ደመወዝ አይጨመርልኝ አይልም፤ ይህ ምስጋናው ነው። ነገር ግን ያልታዘዘውን አይሠራም፤ ያላየውን እንዳላየ አይናገርም። ይህን ጉድለቱን የሚሞላው የባለቤቱ ዓይን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ቃል ለገል ምጣድና ለሣር ቤት ብቻ አይደለም፤ በኮምፒዩተር ለሚጠበቀው መጋዘናችንም ይሠራል። ዛሬ ማታ ሱቃችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ በረዶ አስመጡና ዘበኛችሁን ጠይቁት።